በ«ጭቃማዋ ዳክዬ» የተረሳው ምሽት

ጁላይ 4 ቀን 1976 ዕለቱ እሑድ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 1968 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዚያን ሰሞን እንግሊዝ አገር እንደ በረሃ ትግል ነበር። ከጁን 23 ጀምሮ ለ15 ተከታታይ ቀናት ከአገሪቱ አንዱ ስፍራ ካልሆነ በሌላው ሙቀቱ በየቀኑ 32 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ሣሩ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል። ዝናብ የሰለቸው ሕዝብ ዝናብ ናፍቆት ሰማይ ሰማይ ያያል።

በብረታ ብረት ፋብሪካዎቿ ስሟ በገነነው በሼፊልድ ከተማ፣ ስኒግ ሂል በተባለው ጎዳና ላይ «ብላክ ስዋን» የሚባል መጠጥ ቤት ነበር። ስሙ አንገተ ረጅም የሆነች የአንዲት ጥቁር የውሃ ወፍ ስም ነው። የሠፈሩ ጠጪዎች ግን ይህን ያህል ክብር አላበዙላትም፤ «ጭቃማዋ ዳክዬ» ይሏት ነበር። ከቢራው ጋር ሙዚቃ የሚቀርብበት ተራ ቤት ነው። የዚያን ዕለት ምሽት ጥቂት ሰዎች ብርጭቆአቸውን ይዘው ቆመው ሳለ፣ ከዚያ በፊት ሕዝብ ፊት ቀርቦ የማያውቅ አንድ ባንድ መድረክ ላይ ወጣ። ስሙ «ዘ ክላሽ» ይባላል።

«ክላሽ» ሲባል ስለ ጠመንጃ የሚወራ የሚመስለው አንባቢ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ግጭት» ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያወጣው የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ፖል ሲመነን ነው። ጋዜጣ ሲያገላብጥ በየርዕሰ ዜናው ላይ ይህ ቃል እየደጋገመ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ የዘመኑን ስም ጋዜጣው ራሱ አወጣለት ማለት ይቻላል።

ይህ ባንድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ፣ በ1979 ያወጣው «ለንደን ኮሊንግ» የተሰኘ አልበሙም የሮክ ሙዚቃ ታላላቅ ሥራዎች በተዘረዘሩ ቁጥር ስሙ የሚጠራ ሆነ። የመጀመሪያ ምሽቱ ግን ያለ ምስክር ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ታሪኩ ተመልሶ የተገኘበት መንገድ ጋዜጣ ለሚያነብና ለጋዜጣ ለሚጽፍ ሰው ሁሉ ትምህርት አለው።

ጋዜጠኛው ሌላ ቤት ሄዶ ነበር

በዚያን ጊዜ «ፐንክ» የሚባለው የወጣቶች ሙዚቃ ገና በእንቁላሉ ነበር። እንግሊዝ በኢኮኖሚ ድቀት ላይ ናት። የሥራ አጡ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። መንግሥት በዚያው ዓመት ለዓለም የገንዘብ ድርጅት እጁን ዘርግቶ ብድር የጠየቀበት ጊዜ ነው። ለዚያ ትውልድ የቀረበለት ሙዚቃ ግን ባለጠጋ ዘፋኞች በትልልቅ አዳራሽ የሚያቀርቡት፣ አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሊቅ ካልሆኑ በቀር የማይደፈር ነገር ነበር። ልብሱን ቀዶ በመርፌ ቁልፍ የያያዘው ወጣት «ሦስት ቃና ካወቅህ ይበቃሃል፤ ተነስና ተጫወት» ብሎ መጣ። ፐንክ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው።

በዚያ ምሽት በሼፊልድ ዋናው ተጫዋች ክላሽ አልነበረም። ዋናዎቹ ጆኒ ሮተን የሚዘፍንላቸው ሴክስ ፒስትልስ ነበሩ፤ ክላሽ መድረኩን የሚያሟሙቅላቸው ብቻ ነው። ከአራት ጊታር ያዦች ሁለቱ ጆ ስትራመርና ሚክ ጆንስ ሲሆኑ፣ ኪት ሌቪን ሦስተኛው፣ ፖል ሲመነን አራተኛው፣ ድራም መቺው ቴሪ ቻይምስ ነበር። ስትራመር ከባንዱ ጋር ከተቀላቀለ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። ቀደም ሲል «ዋን ኦ ዋን ኧርስ» ከሚባል፣ በየመጠጥ ቤቱ ከሚጫወት ባንድ ጋር ይሠራ ነበር። በኤፕሪል 1976 ለንደን ውስጥ ናሽቪል በሚባል መጠጥ ቤት ሴክስ ፒስትልስ እርሱን ለማሟሟቅ ተጫወቱ። ስትራመር ቆሞ ሲያያቸው የራሱ ዘመን እዚያው ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታየው። ብዙም ሳይቆይ የቀድሞ ባንዱን ትቶ ከእነሲመነን ጋር ሆነ።

ሲመነን ደግሞ ጊታር ከያዘ ገና ወራት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። የትኛው ክር የት ላይ ሲጫን ምን ድምፅ እንደሚሰጥ እንዳይጠፋበት በጊታሩ አንገት ላይ ምልክት ጽፎበት ነበር። እንዲህ ባለ ዝግጅት ነው እንግዲህ መድረክ ላይ የወጡት።

የሙዚቃ ጋዜጠኞቹስ የት ነበሩ? ለንደን። በዚያው ምሽት ከኒው ዮርክ የመጡት ራሞንስ የተባሉ ዝነኛ ወጣቶች ራውንድ ሃውስ በተባለው ትልቅ አዳራሽ ይጫወቱ ነበር። አሜሪካም ነፃነቷን ያገኘችበትን 200ኛ ዓመት የምታከብርበት ዕለት ስለነበረ ነገሩ ሁሉ ወደዚያ አድልቷል። ባቡር ተሳፍሮ ሼፊልድ ድረስ ሄዶ ስሙ ያልታወቀ ባንድ የሚሰማ ማን ነው? በመሆኑም የክላሽ ልደት በትልልቆቹ ጋዜጦች ሳይዘገብ አለፈ። ባንዱም ቢሆን ወደ ለንደን ተመልሶ ልምምዱን ቀጠለ እንጂ፣ ለጋዜጠኞች ራሱን ያሳየው ኦገስት 13 ቀን ካምደን በሚገኘው መለማመጃ ቤቱ ውስጥ ነው። ለብዙዎች የክላሽ ታሪክ ከዚያ የሚጀምር መስሎ ኖረ።

የተቆጣው አንባቢ

ታሪክ ግን አንዳንዴ ባለውለታዋ ጠላት የመሰለው ሰው ይሆናል። በዚያ ምሽት «ጭቃማዋ ዳክዬ» ውስጥ ከነበሩት አንዱ፣ የከተማው ነዋሪ የሆነ አንድ ሰው፣ በሰማው ነገር ተናድዶ «ሳውንድስ» ለተባለው ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ እነዚህ ክላሽ የሚባሉት የሚያሰሙት ጫጫታ እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ልጅ መጫወት አይችልም፤ ጊታሩን እንኳ ራሱ መቃኘት አቅቶት ጓደኛው ነው የቃኘለት የሚል ነበር።

ጋዜጣው ደብዳቤውን አተመው። በዚያን ጊዜ ያነበበው ሰው ፈገግ ብሎ ገጹን ገልጦ አልፎ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ የባንዱን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ለመጻፍ የተነሱ ሰዎች ግን፣ አቧራ የጠጡ የጋዜጣ ጥራዞችን ሲያገላብጡ ስለዚያ ምሽት ከተጻፈው ጥቂት ነገር ውስጥ ይህንን ደብዳቤ እንደ ወርቅ አነሱት። ስድቡ ማስረጃ ሆነ። ቦታው፣ የተጫወተው ባንድ፣ የሲመነን ጀማሪነት፣ የጊታሩ አለመቃኘት ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ባለጊታሮቹም አርጅተው ስለ ወጣትነታቸው ሲጠየቁ የሚናገሩት ቃል ከደብዳቤው ጋር የሚገጥም እንጂ የሚጋጭ አልሆነም፤ አለመቻላቸውን እነርሱም አልካዱም።

ይህ ደብዳቤ የተለየ ክብደት የሚያገኝበት አንድ ምክንያት አለ። ከአንድ ወር በፊት፣ ጁን 4 ቀን 1976፣ ሴክስ ፒስትልስ በማንቼስተር ከተማ ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለ አነስተኛ አዳራሽ ተጫውተው ነበር። መግቢያው 50 ሳንቲም (ፔንስ) ሲሆን፣ ዝግጅቱን ያሰናዱት በኋላ «በዝኮክስ» የተባለውን ባንድ ያቋቋሙት ሁለት ወጣቶች ናቸው። አዳራሹ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ከተገኙት ጥቂቶች ውስጥ ግን ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ባንድ የመሠረቱት ልጆች ነበሩበት። አንደኛው፣ ፒተር ሁክ፣ በማግስቱ ሄዶ ቤዝ ጊታር ገዛ። ያ ምሽት ከገነነ በኋላ ግን «እኔም ነበርኩ» የሚለው ሰው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄዶ፣ ሁሉም እውነት ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ቀርቶ የከተማው ስታዲየም አይበቃቸውም ነበር። ዴቪድ ኖላን የተባለ ጸሐፊ ማን በእርግጥ እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ ለማጣራት ተነስቶ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ጽፎበታል። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እምላለሁ፣ እዚያው ነበርኩ» የሚል ነው።

ይህ በሽታ ለእኛም አዲስ አይደለም። ስንት ሰልፍ፣ ስንት ስብሰባ፣ ስንት ታሪካዊ ቀን አለ፤ ካለፈ በኋላ «ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ» የማይል ሰው የጠፋበት! የሼፊልዱ ደብዳቤ ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ባንዱ ዝነኛ ከመሆኑ በፊት የጻፈ፣ የሰማውን የጠላ፣ በመዋሸቱ የሚያገኘው አንዳች ጥቅም ያልነበረው ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ባሕር ላይ

የሼፊልድን ምሽት ነጥሎ ማየት አይቻልም። ከዚያ በፊት በነበረው ዕለት፣ ቅዳሜ ጁላይ 3፣ ሴክስ ፒስትልስ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው የሄስቲንግስ ከተማ ተጫውተው ነበር። ቦታው ከባሕሩ ዳር ተነስቶ እንደ ድልድይ ወደ ውሃው ውስጥ በተዘረጋ መዝናኛ ላይ ያለ አዳራሽ ነው። የመጣው ሰው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ግን ልደቷን የምታከብር አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። ያን ዕለት 19 ዓመት ሞላት። ስሟ ማሪያን ኤሊየት ሰይድ ይባላል። እናቷ ብሪታኒያዊት፣ አባቷ ደግሞ ከእኛው ጎረቤት ከሶማሊያ የመጣ ሰው ነበር። ያደገችው ለንደን ውስጥ ብሪክስተን በሚባለው የስደተኞች ሠፈር፣ ያሳደገቻት እናቷ ናት። ለነጮቹ ጥቁር፣ ለጥቁሮቹ ነጭ የምትመስል ክልስ ልጅ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚገጥማት፣ ልጆቹን በሰው አገር የሚያሳድግ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማሪያን በዚያ ምሽት ያየችው ጎበዝ ሙዚቀኞችን አይደለም። በእርሷ ዕድሜ ያሉ፣ እንደ እርሷ ምንም የሌላቸው፣ ግን ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ የተነሱ ልጆችን ነው። ከዚያ በኋላ በሙዚቃ ጋዜጦች ላይ «አብረውኝ የሚሠሩ ወጣት ፐንኮች እፈልጋለሁ» የሚል ይዘት ያለው ማስታወቂያ አወጣች። በዚያች ትንሽ ማስታወቂያ የተሰበሰቡት ልጆች «ኤክስ ሬይ ስፔክስ» የተባለውን ባንድ መሠረቱ። እርሷም ራሷን «ፖሊ ስታይሪን» ብላ ሰየመች፤ ከላስቲክና ከፕላስቲክ የተሠራውን የሸቀጥ ዓለም ለመተረብ ያወጣችው ስም ነው። ጥርሷ ላይ የታሰረውን ብረት ሳትደብቅ፣ ዓይን የሚያፈዝዝ ቀለም ያለው ልብስ ለብሳ፣ ሳክስፎን ከኋላዋ እየጮኸ ስትዘፍን፣ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት መልኳ እንዲህ መሆን አለበት የሚለውን ሕግ ሁሉ ጣሰችው። በ1978 ያወጣችው አልበም እስካሁን ይደመጣል።

ሁለት ምሽቶች፣ ሁለት ባዶ ቤቶች። አንደኛው ቤት የክላሽን መወለድ አየ። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ፖሊ ስታይሪን ተጸነሰች።

ሌላ ደብዳቤ

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የዘፋኞች ጨዋታ ብቻ ሆኖ በቀረ። በዚያው በጋ ግን ሌላ ነገር ተከሰተ። ኦገስት 5 ቀን 1976 ኤሪክ ክላፕተን፣ ያን ያህል ስም ያለው፣ ዝናውንም ከጥቁሮች ብሉዝና ሬጌ ያገኘው ጊታሪስት፣ በርሚንግሃም ከተማ መድረክ ላይ ቆሞ የውጭ ሰዎች ከእንግሊዝ ይውጡ፣ ኢኖክ ፓወልን ደግፉ ብሎ ተናገረ። ፓወል በ1968 ባደረገው ንግግር በስደተኛው ላይ ጥላቻን ያራገበ ፖለቲከኛ ነው። በዚያን ጊዜ ናሽናል ፍሮንት የተባለው የዘረኞች ፓርቲ በየጎዳናው ይሰለፍ፣ በየምርጫውም ድምፅ ይሰበስብ ነበር።

ሬድ ሳውንደርስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺና ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። ምን አደረጉ? እነርሱም ደብዳቤ ጻፉ! ለሙዚቃ ጋዜጦች በላኩት በዚህ ደብዳቤ ክላፕተንን ወቅሰው፣ ዘረኝነትን በሙዚቃ የሚዋጋ ንቅናቄ እናቋቁም፣ የሚስማማ ይጻፍልን አሉ። መልሱ ጎረፈ። «ሮክ አጌንስት ሬሲዝም» የተባለው ንቅናቄ እንዲህ ተወለደ። የመጀመሪያ ዝግጅቱም የቀረበው በኖቬምበር 1976 በምሥራቅ ለንደን በአንድ መጠጥ ቤት ነው።

ከዚያ ከጠባብ ቤት የተነሳው ነገር በኤፕሪል 30 ቀን 1978 የት እንደደረሰ ልብ ይሏል። በዚያን ዕለት ሕዝቡ ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ በእግሩ ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ቪክቶሪያ ፓርክ ጎረፈ። ቁጥሩ ከ80,000 በላይ እንደነበረ ይገመታል። መንገዱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ምሥራቅ ለንደን ናሽናል ፍሮንት «የእኔ ነው» ይለው የነበረ፣ የባንግላዴሽ ስደተኞችም በፍርሃት የሚኖሩበት ሠፈር ነው። በመድረኩ ላይ ከወጡት መካከል ከበርሚንግሃም የመጣው የጥቁሮች ሬጌ ባንድ ስቲል ፐልስ አንዱ ነበር። ኤክስ ሬይ ስፔክስም ነበሩ። ክላሽም ነበሩ። በጁላይ 1976 በተከታታይ ሁለት ቀናት፣ በሁለት ባዶ ቤቶች መንገዳቸው የተጀመረው የሶማሌው ልጅና የ«ጭቃማዋ ዳክዬ» ልጆች፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በአንድ መድረክ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በአንድ ዓላማ ተገናኙ።

ነገሩ ፌሽታ ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳየው ከአራት ቀን በኋላ የሆነው ነው። ሜይ 4 ቀን 1978 አልታብ አሊ የተባለ የባንግላዴሽ ተወላጅ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዋይትቻፕል አካባቢ በዘረኛ ወጣቶች ተገደለ። ከአሥር ቀን በኋላ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ አስከሬኑን የያዘውን መኪና ተከትሎ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ድረስ ተሰለፈ። ዛሬ የተገደለበት አካባቢ ያለው መናፈሻ በስሙ ይጠራል። ኮንሰርት ብቻውን ሰው ከመገደል አያድንም። ነገር ግን በስደተኛው ላይ የተነሳውን ጥላቻ ከስደተኛው ጋር ቆሞ የሚቃወም የነጭ ወጣት ትውልድ እንዳለ በአደባባይ መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በ1979 በተደረገው ምርጫ ናሽናል ፍሮንት ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። ለዚህ ሽንፈት ሌሎች የፖለቲካ ምክንያቶችም ቢኖሩም፣ የዚያ ንቅናቄ ድርሻ በብዙዎች ዘንድ ይታመንበታል።

ቤቶቹ ምን ሆኑ?

«ጭቃማዋ ዳክዬ» ስሟ ተለውጦ ቆይቶ «ቦርድዎክ» የሚባል የሙዚቃ ቤት ሆነች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ መጠጥ ይቀዳ የነበረ አሌክስ ተርነር የሚባል የሼፊልድ ልጅ «አርክቲክ መንኪስ» የተባለውን ባንድ ይዞ ወጣ። በ2006 ያወጡት የመጀመሪያ አልበም በእንግሊዝ አገር በሽያጭ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ቤቱ ግን በ2010 ተዘጋ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የሄስቲንግሱ የባሕር ላይ መዝናኛ በእሳት ጋየ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። ጆ ስትራመር በዲሴምበር 2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። ፖሊ ስታይሪን በኤፕሪል 2011 በካንሰር አረፈች።

ቤት ይዘጋል፣ ይቃጠላል፤ ሰው ይሞታል። የሚቀረው የተጻፈውና የተቀዳው ነው። የፖሊ ስታይሪን ልጅ ሴለስት ቤል እናቷ ከሞተች በኋላ ትታ የሄደችውን የደብተር ጽሑፍ፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ ሰብስባ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ በ2021 ደግሞ ከሌላ ባለሙያ ጋር ሆና ዶኩመንታሪ ፊልም አወጣች። በፊልሙ ውስጥ የእናቷን ዕቃ ከሣጥን እያወጣች ስታገላብጥ የሚያይ ሰው፣ የምትፈልገው ዝነኛይቱን ዘፋኝ ሳይሆን እናቷን መሆኑን ይረዳል። ያ የካርቶን ሣጥን ተጥሎ ቢሆን ኖሮ የሄስቲንግሱም ምሽት አብሮ በተጣለ።

የእኛስ «ጭቃማ ዳክዬ»?

ፐንክ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ይመስላል። ነገር ግን «ዘ ኤክስ» የተባለው በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ፐንክ ባንድ በ2002 ኢትዮጵያ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። በ2004 የባንዱን 25ኛ ዓመት ሲያከብር የሳክስፎኑን አባት ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጠራው። ጌታቸው ፉከራና ሽለላን በሳክስፎን ሲያሰማ እነዚያ ፐንኮች የቀረርቶውን ቁጣ ከራሳቸው ቁጣ ለይተው አላዩትም። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው ሠሩ። ጌታቸው በ2016 እስኪያርፍ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የፈረንጅ ወጣት ያስጨፈረው ከእነርሱ ጋር ነው።

ከዚህም የበለጠ ለቤታችን የሚቀርብ ታሪክ አለ። በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ መጥቶ በየከተማው ሲጫወት፣ አብዛኛው ታዳሚ እንደ ዛሬው አንባቢ ስደተኛ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ አንዳንዶቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ባለሙያው ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ተረሳ። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሄዱት መንገደኞች ሾፌሩ ማን እንደሆነ አላወቁም።

በ2013 አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ካሴት ሲያገላብጥ ያንን ሥራ አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ አገኘ፤ ሥራው በድጋሚ ታትሞ ወጣ። ኃይሉ መርጊያም ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ካሴት ባሕር ዳር ላይ ሳይጣል በመቆየቱ ነው። ያልተቆየው ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል?

ዋሽንግተን ውስጥ በ18ኛው ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፌርፋክስ፣ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ በየሬስቶራንቱ ጥግ አንድ ኪቦርድና አንድ ማይክራፎን ተተክሎ ስንት ምሽት አልፏል። አገር ቤት ሳለ አዳራሽ ያስጨበጭብ የነበረ ድምፃዊ፣ ቀን ጋራዥ ወይም ሆስፒታል ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ጥብስ በሚሸትበት ክፍል ለሃያ ሰው ዘፍኗል። ዘመድ የሞተበትን አስለቅሷል፤ የተጋቡትን አስጨፍሯል፤ በቦሌ በኩል ሳይሆን በሱዳን በረሃ የወጣውን ልጅ እንደገና አገሩ አስገብቶታል። ብዙዎቹ ምሽቶች ስለማንነታቸው የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ የላቸውም። ያያቸው ሰው እያረጀ ነው፤ አንዳንዱም በየሳምንቱ በዚሁ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስሙ ይወጣል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ያለውን የድሮ ሣጥን ከመጣላችሁ በፊት ክፈቱት። የኮንሰርት በራሪ ወረቀት ካለ፣ ቀኑና ቦታው የሚነበብ መሆኑን ተመልከቱ። ፎቶግራፍ ካለ ጀርባው ላይ ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ በእርሳስ ጻፉበት። በካሴት የተቀዳ ድምፅ ካለ ቴፑ ሳይበላሽ አስገልብጡት። በዕድሜ የገፉ አጎት ወይም አክስት ካሉ አስቀምጣችሁ ጠይቁአቸው፤ ልጆቻችሁም ቁጭ ብለው ይስሙ፤ አማርኛው ባይገባቸው ተርጉሙላቸው። ያያችሁት ዝግጅት ካለ ደግሞ ለጋዜጣ ጻፉ። ማወደስ ግድ አይደለም። ድምፃዊው ቃናውን ስቶ እንደነበር፣ ማይክራፎኑ ሲጮህ ጆሮ እንደበጠሰ፣ ዝግጅቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ዘግይቶ እንደጀመረ ጻፉ። የሼፊልዱ ሰው የጻፈው እንዲህ ያለውን ነው። እርሱ ያን ምሽት ወደ ቤቱ የገባው ገንዘቡ እንደባከነ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ብዕሩን አንስቶ በመጻፉ ግን የዚያን ምሽት ታሪክ ከመጥፋት አተረፈው።